የሽቦ ወለል ለጥንቸል እግር አይሆንም

«የጥንቸል ማቆያ ስትገዙ ወለሉ ሽቦ ይሁን፤ በጠጧ ወደ ታች ስለሚወድቅ ንጹህ ነው፣ እግሯም ጸጉር ስላለው አይጎዳትም» የሚል ምክር እዚህ ሲደጋገም አየሁ። የበጠጡ ነገር ልክ ነው። የእግሩ ግን ስህተት ነው።

ውሻና ድመት መዳፋቸው ሥር ትራስ መሳይ ወፍራም ቆዳ አላቸው። ጥንቸል ይህ የላትም። ያላት ጸጉር ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው ቆዳ ስስ ነው። ቁጭ ስትል ክብደቷ የኋላ እግሯ ተረከዝ ላይ ያርፋል። ሽቦ ላይ ስትውል ጸጉሩ ይሳሳል፣ ቆዳው ይቀላል፣ ከዚያ ይቆስላል። ካመረቀዘ እስከ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል። ጊኒ ፒግ የሚባለው ትንሽ የቤት እንስሳ ደግሞ ጭራሽ መዳፉ ላይ ጸጉርም የለውም።

ማጣራት ከፈለጋችሁ ጥንቸሏን ጭናችሁ ላይ አስቀምጡና የተረከዟን ጸጉር በጣታችሁ ገለጥ አድርጉ። የቀላ ቆዳ ካያችሁ ወለሉን ዛሬውኑ ቀይሩ። ከቆሰለ የእንስሳት ሐኪም ይያት።

ወለል የሌለው አጥር ገዝታችሁ ከሥሩ የማያንሸራትት ምንጣፍ ብታነጥፉ ይበቃል። ጽዳቱ ካሳሰባችሁ፣ ጥግ ላይ ድርቆሽ ያለበት የመጸዳጃ ሣህን አስቀምጡ፤ አብዛኞቹ ይለምዱታል። ምንጣፉን መቆርጠሟ ግን አይቀርም፣ ጠርዙን ደብቁባት።