እምቢ የማለት ልምምድ

ቁም ሳጥን ከፎቅ ለማውረድ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛውን ፍለጋ ለአንድ ወዳጄ ደወልኩ። ሥራው ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በትዕግሥት አዳመጠኝ። ከዚያ ሐኪም ክፉ ዜና ሊናገር ሲል በሚያወጣው ዓይነት ለስላሳ ድምፅ፣ «ወንድሜ፣ ሰሞኑን አንድ መርህ ይዣለሁ። እምቢ ማለትን እየተለማመድኩ ነው» አለኝ።

የሚለማመደው በኔ ነው!

ወገቤን አሞኛል ቢለኝ እሺ። ሥራ አለብኝ ቢለኝም እሺ። «ዛሬ ስንፍና ይዞኛል፣ ተወኝ» ቢለኝ እንዲያውም ስቄ ነበር የምተወው። እሱ ግን እምቢታውን የግል ዕድገት አደረገው። እኔ ተሸካሚ ስፈልግ እሱ አዲስ የሕይወት ምዕራፍ እየከፈተ ነበር። ተቀየምኩ እንዳልል አፈርኩ። ሰው አደግኩ ሲል ማን ይቀየማል? «ጎበዝ፣ በርታ!» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ይታያችሁ፣ እምቢ ተብዬ አበረታቼ ነው የወጣሁት።

ደግሞ ይኸው ሰው ለአለቃው እምቢ ብሎ አያውቅም። ቅዳሜ ማታ ሲጠሩት ይሮጣል። እሑድ ጠዋት ሲጠሩት ይሮጣል። ልምምድ ከቀላሉ ይጀመር የሚሉት ነገር አለ መሰለኝ። ቀላሉ እኔ ነኝ ማለት ነው።

ነገሩ የእሱ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ግን ዘንድሮ መርህ የሌለው ሰው ጠፍቷል። ቀጥሬው የሚቀር ሰው ድሮ «ይቅርታ፣ ረሳሁት» ይለኝ ነበር። አሁን «ኢነርጂዬን እየጠበቅኩ ነው» ይለኛል። «ግልጽነት መርሄ ነው» ብሎ የሚጀምር ሰው ቀጥሎ የሚያወራው ስለ ውፍረቴ ነው። እኔ ስለ እሱ ውፍረት ላንሳ ስል ደግሞ «ድንበር» የሚባል ሌላ መርህ ያወጣል። «ያለፈው አልፏል፣ እኔ የማየው ወደፊት ብቻ ነው» የሚለውን ደግሞ ልብ ብዬ አይቻለሁ፤ አብዝቶ የሚይዘው ብድር ያለበት ሰው ነው።

የእነዚህ መርሆች ሁሉ ጠባይ አንድ ነው። ባለቤታቸውን ሰባራ ሳንቲም አያስወጡም። ሂሳቡ የሚመጣው አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው ነው።

አንድ የምወደው ተረት አለ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም።» እኔ በበኩሌ ስለ ራስ ማሳደግ ከተባለው ሁሉ ይቺ ትበልጥብኛለች። ሦስት ቃል ብቻ ናት። አትጠምጥም አትልም። ጥምጣም ክፉ ነው አትልም። ተራ ይከበር ነው የምትለው። ጥምጣሙ ነጭ ነው፣ ያምራል፣ ከሩቅ ይታያል። ትምህርቱ ግን አይታይም፣ ያሰለቻል፣ እንቅልፍ ያሳጣል። ስለዚህ ሰው ልቡ የሚሄደው ወደ ጥምጣሙ ነው። ይሄ የዛሬ ችግር ነው የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። የዛሬ ቢሆን ኖሮ ተረቱ ከየት መጣ? የጥንቱ ሰው ሁሉ ተምሮ የሚጠመጥም ቢሆን፣ እንዲህ ብሎ የሚቆጣ ሽማግሌ ባላስፈለገ ነበር። ያኔም አንዱ በአንድ ሌሊት ጠምጥሞ ጠዋት ምክር ሲያድል የተናደደ ሰው ነበር። ያንን ሰው ባገኘው አቅፌ እስመው ነበር።

የዛሬው ልዩነት ፍጥነቱ ላይ ነው። ሰውዬው ሰኞ መጽሐፍ ይጀምራል። ማክሰኞ ጥቅስ ይለጥፋል። ረቡዕ «ውድ ተከታዮቼ» ይላል። ሐሙስ ላይፍ ኮች ነው። ዓርብ ቁም ሳጥን አግዘኝ ስትሉት እምቢ ይላችኋል።

ሌላም ተረት አለ። «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች።» በእርግጥ መጽሐፉ ጉድ ሆኗል። ግን ታጥቦም ቢሆን ቤቱ ቀርቷል እኮ! የእኔስ?

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ነው። የዛሬ ስንት ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባዬ መጽሐፍ ተዋሰኝ። ስለ ምን የሚያወራ መጽሐፍ መሰላችሁ? ስለ መልካም ጠባይ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ቃልን ስለ ማክበር ነው። «ቅዳሜ እመልስልሃለሁ» አለኝ። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አለመጠየቄን ሳስበው እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። ጥቂት ቆይቶ በገጹ ላይ ፎቶ ለጠፈ። የእኔ መጽሐፍ ነው። ጥጉን ያጠፍኩት ገጽ ነው። በእርሳስ ያሰመርኩበት መስመር ነው። ከሥሩ «ቃሉን የማይጠብቅ ሰው ራሱን አያከብርም። መልካም ቀን» ብሎበታል። ሰው ሁሉ ልብ ይሰጠዋል፣ «አንጀት አርስ» ይለዋል። እኔም አላስቻለኝምና «ገጽ ስንት ላይ ነው?» ብዬ ጻፍኩ። ለእኔም ልብ ሰጠኝ።

በኋላ በአካል አገኘሁት። መጽሐፌን አልኩት። ፈገግ አለና «ታውቃለህ፣ ከዕቃ ጋር መጣበቅ የሰውን ዕድገት ይገታል» አለኝ። እሺ ጌታዬ! ያልተጣበቀው እሱ ነው። ታዲያ ያልተጣበቀ ሰው ምን ይዞት ነው የማይመልሰው? እኔ መጣበቄን አምኛለሁ፤ ዕድገቴም ይቅርብኝ። ልጣበቅበት መጽሐፉ ይምጣ። ይሄን ሳስብ ቀልዱ ሁሉ ይጠፋብኛል። ሰው ንብረትህን ይዞ ሳለ ደግሞ ተነስቶ ይመክርሃል። ሌባ እንኳ ሰርቆ ዝም ይላል።

በቃ፣ ተረጋጋሁ።

መርህ ይዞ መኖር ራሱ የሚናቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አሜሪካዊው የመንግሥት ሰው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ወጣት ሳለ ራሴን ላስተካክል ብሎ ተነሳ። 12 ምግባሮች መረጠ። ቁጥብነት፣ ዝምታ፣ ሥርዓት፣ ታታሪነት፣ እያለ ይወርዳል። አንድ ክዌከር የሚባለው የክርስትና ወገን የሆነ ወዳጁ ግን «ሰው ሁሉ ኩሩ ነህ ይልሃል» አለው። የሚያስደንቀኝ ይሄኛው ነው። ወዳጁን «ኢነርጂዬን አትንካ» አላለውም። ትሕትናን ጨመረና 13 አደረጋቸው። ለእያንዳንዱ አንድ ሳምንት መደበ። አንድ ዙር 13 ሳምንት፣ በዓመት አራት ዙር ይሆናል። ትንሽ ደብተር አዘጋጅቶ ማታ ማታ በዕለቱ ያጠፋውን በጥቁር ነጥብ ያሰፍር ነበር። ያጠፋውን ነው እንግዲህ፤ ያደገውን አይደለም። ጥፋቱ ካሰበው በላይ ሆኖ አገኘው። ነጥቡን እየፋቀ ደብተሩን ደግሞ ደግሞ ስለሚጠቀምበት ወረቀቱ ተበሳሳ። አስቡት፣ መርህ ይዞ ወረቀት እስኪበሳሳ! የእኛ ሰው መርህ ወረቀትም አይነካ፤ ከስታተስ ወደ ስታተስ ነው።

ያ ሁሉ ተደርጎም ሥርዓት የሚለው አልሆነለትም። ዕቃውን በቦታው ማስቀመጥ፣ ሥራውን በሰዓቱ መሥራት እንዳቃተው ነው የጻፈው። ትሕትናውንም ቢሆን ከልብ ይልቅ ለዓይን ያህል እንዳገኘው ተናግሯል። እኔ ሰውየውን የወደድኩት በዚህ ነው። ደግሞ ታሪኩ በመጽሐፍ ወጥቶ ሰው ያነበበው ከሞተ በኋላ ነው። ተከታይ ለማብዛት የሚቸኩል ሰው እንዲህ አያደርግም። ከዝርዝሩ ሁለተኛው ዝምታ መሆኑን ልብ በሉልኝ። በ13 ሳምንት አንዴ አንድ ሳምንት ጸጥታ ብናገኝ ምናለበት?

ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳትን መርህ ያደረጉትስ? መነሳታቸው የእኔ ጉዳይ አይደለም፤ የሚያናድደኝ እንደተነሱ የሚያሰሙን ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ161 እስከ 180 ሮማን የገዛው ማርከስ ኦሬሊየስ ለራሱ በያዘው ማስታወሻ፣ ጠዋት ከአልጋ መውረድ ሲያቅተው ከራሱ ጋር ሲሟገት ይታያል። ተነስ፣ አይ ሞቆኛል፣ ተነስ። ንጉሠ ነገሥት ነው እንግዲህ! የእኛ ሰፈር ንጋት አብሳሪ ግን አንድም ቀን እንቅልፍ አሸንፎት አያውቅም።

ከሁሉም ከሁሉም «21 ቀን» የሚሉት ነገር አለ። 21 ቀን ደጋግመህ ብትሠራው ልማድ ይሆናል ይሉናል። ይሄ ቁጥር የተስፋፋው ከማክስዌል ማልትዝ ነው። ሰውየው የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። ፊታቸው፣ ለምሳሌ አፍንጫቸው፣ የተስተካከለላቸው ሰዎች አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው ታዘበና እ.ኤ.አ. በ1960 ጻፈው። «ቢያንስ» የምትለዋ መንገድ ላይ ወደቀች። አፍንጫውም ወደቀ። 21 ብቻዋን ቀረች። በኋላ የለንደን ተመራማሪዎች ሰዎችን አንድ አንድ አዲስ ልማድ አስይዘው ሲከታተሉ፣ ልማዱ ሳይታሰብ የሚሠራ እስኪሆን እንደ ሰዉ ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚወስድ ገመቱ። መካከለኛው 66 ቀን ነው። አንድ ቀን ማሳለፍም ያን ያህል ጉዳት እንደሌለው አይተዋል። ይሄን ሳነብ መጀመሪያ የታሰበኝ ወዳጄ ነው። 254 ቀን ከሚፈጅባቸው ወገን ከሆነ እኮ እምቢ ሲለኝ ሊከርም ነው።

የበለጠ ደስ ያለኝ ግን ሌላ ጥናት ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ነው። ከተፈተኑት መካከል የሕግ ተማሪዎች ነበሩ። ጥሩ የሕግ ባለሙያ ለመሆን ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ ጻፉ። የአንዳንዱን ሐሳብ ሌላ ሰው አየለት፤ የሌላውን ማንም አላየለትም። ከዚያ ሥራው ሲመጣ ሐሳባቸው የታየላቸው ቶሎ ተዉት። ሐሳባቸው ማንም ሳያይላቸው የቀረው የበለጠ ሠሩ። እንደ ተመራማሪዎቹ አባባል፣ ሰው ሐሳብህን ሲያውቅልህ ገና ሳትሠራ የሆንክ ይመስልሃል። ጥምጣሙ ማለት ነው! ሽማግሌው በሦስት ቃል የጨረሱትን።

ስለዚህ አንድ ሰው «ከዛሬ ጀምሮ ታጋሽ ልሆን ነው» ብሎ ሲለጥፍ ልብ የምትሰጡ ሰዎች ጥፋቱ ግማሹ የእናንተ ነው። ተዉት እስቲ። መጀመሪያ ሰልፍ ላይ ይቁምና እንየው። ሰውየው ትዕግሥት ይዞት እንደሆነ የምታውቀው ሚስቱ ናት፤ እሷ ደግሞ ስትለጥፍ አላየሁም።

ወደ ተነሳሁበት ልመለስ። እምቢ ማለት ክፉ ነው አላልኩም። ሁሉን እሺ እያለ የሚያልቅ ሰው አለ፤ ሥራ የሚጫንበት፣ ዘመድ የሚጫንበት፣ ቀኑን ሙሉ ለሌላ ሰው ሲሮጥ የሚመሽበት። እሱ እምቢ ማለትን ቢለምድ ትልቅ ነገር ነው፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ ቢለው ደግሞ አጨበጭብለታለሁ። ግን የሚለምደው እምቢ ማለት በሚከብደው ቦታ ነው፤ በአለቃው ቢሮ፣ በጉልበተኛው ፊት። በእኔ ላይ ምን ልምምድ አለ? እኔ ድሮም ቢሆን እምቢ ስባል እሺ የምል ሰው ነኝ። ስለዚህ ጉዳይ የምለው ገና ብዙ ነበረኝ፤ በተለይ «ምቾት ከሰጠህ ክልል ውጣ» እያሉ እኔን ከምቾቴ ስለሚያስወጡኝ ሰዎች።

ግን ይሄን እየጻፍኩ ሳለ ያ መጽሐፌን የወሰደው ሰውዬ አዲስ ነገር ለጠፈ። ስለ ምስጋና ነው። ዛሬም ያሰመርኩበት መስመር ይታያል። ገጹን አወቅኩት፤ ሰባተኛው ምዕራፍ ነው። በስንት ዓመቱ ሰባተኛው ላይ ደርሷል ማለት ነው። አሥራ አንደኛው ምዕራፍ ስለ አደራ ነው። እዚያ ሲደርስ ምን ብሎ እንደሚለጥፍ ለማየት ዕድሜ ይስጠኝ።