ዘማሪውን ስትቀብሩ ድምፁን አብራችሁ አትቅበሩ

የድሬ ዳዋ ሰዎች፣ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን፣ ይህ ወቀሳ ለእናንተ ነው። ከከዚራ እስከ ሳቢያን አንድ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ሲያርፍ ለቀብሩ ማንም አይቀርም። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ሙስሊሙ ጎረቤት አግዳሚውን ተሸክሞ ይመጣል፣ በግንዘቱ ላይ ሰው እንደ ጥምቀት ይጎርፋል። ለዚህ ተባረኩ። የምንወቅሳችሁ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ባለው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የቆመበት ዜማ የተቀዳበት ካሴት በካርቶን ታጭቆ ቁም ሣጥን ላይ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይወረወራል፤ ያውም በድሬ ሙቀት! የዜማ ደብተሩ አልጋ ሥር ገብቶ ምስጥ ይጠብቃል። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሲገባ አልጋ ሥር ያለ ወረቀት ምን እንደሚሆን ያላየ የድሬ ሰው አለን?

እስቲ በመቃብሩ ላይ ከሚነበበው የሕይወት ታሪክ እንጀምር። በለቅሶ ሌሊት በችኮላ ይጻፋል፤ «ደግ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያንን አገለገለ፣ የልጆች አባት ነበር» ይላል። ስሙን አውጥታችሁ የሌላ ሟች ስም ብታስገቡበት ይስማማል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ማንንም አያስታውስም። መሪጌታ ከሆነ ድጓውን፣ ማለት የቅዱስ ያሬድን የዜማ መጽሐፍ፣ ከየትኛው መምህር እንደተቀበለ፣ የቁርባንና የፍትሐት ዜማ የሆነውን ዝማሬ መዋሥዕቱን የዚህ ትምህርት ማስመስከሪያ ወደሆነው ዙር አባ ወርዶ ይሁን ሌላ ቦታ፣ አቋቋሙ፣ ማለት የማኅሌት አቋቋም ስልቱ፣ የላይ ቤት፣ የታች ቤት ወይስ የተክሌ እንደነበረ ጻፉ። የዜማ ሰው የትውልድ ሐረግ ይህ ነው፤ ደቀ መዛሙርቱ ካልተጠየቁ ከቤተሰቡ ማንም ላያውቀው ይችላል። የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ከሆነ ደግሞ ከበሮውን ማን እንዳስያዘው፣ የትኛውን መዝሙር ግጥሙን እንደገጠመ፣ የትኛውን ዜማውን ብቻ እንዳወጣ ለዩ።

ዓመተ ምሕረት ላይ ደጋግማችሁ ትሳሳታላችሁ፤ ምክንያቱም የታወቀ ነው። የድሬ አባት ብዙ ጊዜ የጅቡቲው ምድር ባቡር ሰው ነበር። የባቡሩ ወረቀት ደግሞ በፈረንሳይኛ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ ነው። እናንተ 1965 የሚል የቅጥር ደብዳቤ አግኝታችሁ እንዳለ ትገለብጡታላችሁ፤ ሰውየው ስምንት ዓመት ዘግይቶ የተቀጠረ ይመስላል፣ ከዚያ የጋብቻው ዓመት ከበኩር ልጁ ልደት ጋር ይጋጫል። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ከሆነ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ ስምንት ቀንሱ። በእብነ በረድ ከመቀረጹ በፊት አድርጉት፤ እብነ በረድ አይታረምም።

የክርስትና ስሙንም እወቁ። ካህኑ በፍትሐትና በቅዳሴ የሚያነሣው በዚያ ስም ነው፤ ስንት ቤተሰብ ነው በአርባው ቀን ማለዳ ክርስትና አባቱን ፍለጋ የሚሯሯጠው!

ስለ ቤቱ ስትጽፉ ሚስቱን ለብቻዋ፣ ልጆቹንም ለየብቻ ጠይቁ። አንድ ላይ ከጠየቃችኋቸው ትልቁ ይናገራል፣ ሌላው አንገቱን ይደፋል። የዘማሪ ቤት ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ማኅሌት በቆመ ሌሊት ሁሉ አባት የለም፤ ለገብርኤል ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ነው፤ ለከተራ ከታቦቱ ጋር ያድራል። ልጅ ሲያተኩሰው ያቀፈችው፣ ነጠላውን አጥባ ያነጣችለት፣ ሲመለስ ትኩስ ነገር ያቀረበችለት ማን ናት? ይህን ዘልላችሁ «ታማኝ አገልጋይ» ብቻ ብትሉ ግማሹን አገልግሎት ሰርቃችኋታል። ሰውየውንም መልአክ አታድርጉት። ቁጡ ከነበረ ቁጡ ነበር በሉ። ከበሮ መምታትን ለልጆቹ በጀሪካን ላይ ያስተማረ ከሆነ እሱን ጻፉ፤ ልጆቹ አባታቸውን የሚያውቁት በዚያ ነው።

ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌው ወሳኝ ኩነት አስመዝግቡ። ምስክር ወረቀቱ ከሌለ ጡረታው፣ የባንክ ደብተሩ፣ የቤቱ ካርታ ሁሉ ይቆማል፣ ባለቤቱም ቢሮ ለቢሮ ትንከራተታለች። የእድሩን ገንዘብም ለተዝካር በሬ አታስገዟት። «ሰው ምን ይላል» የምትሉት እናንተው ናችሁ፤ ዝም በሉ፣ ማንም ምንም አይልም።

አሁን ወደ ካሴቶቹ። ዓመታት ያልተነካ ካሴት በሙቀት ክሩ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ወዲያው ብታጫውቱት ይጎተታል ወይም ይበጠሳል። መጀመሪያ ከላይ ያሉትን ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፤ በስሕተት እንዳይቀዳበት የሚጠብቀው ይህ ነው። ከዚያ ሳታጫውቱ ዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ አጠንጥኑት። የቴፑን ሄድ፣ ማለት ክሩን የሚያነበውን ብረት፣ በአልኮል በራሰ ጥጥ አጽዱ፤ ከየካሴቱ በኋላ ድገሙት፣ ቡናማ ዱቄት ሲወጣ ታያላችሁ። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ክሩን ወደ ሄዱ የምታስጠጋው ትንሿ ስፖንጅ ወልቃ ይሆናል፤ ከማይፈለግ ካሴት አውጥታችሁ ተኩ። ከቴፑ ወደ ኮምፒዩተር በገመድ ቅዱ እንጂ ስልክ ስፒከር ፊት አትደቅኑ። የ60 ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም። በቴሌግራም ስትልኩት እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን፤ አለዚያ የጸናጽሉ ድምፅ ተጨምቆ እንደ ዝናብ ይሆናል።

ደብተሩን በመስኮት ብርሃን፣ በጥላ፣ ያለ ፍላሽ፣ ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሡ። ከፊደሉ በላይ ያሉት ጥቃቅን ምልክቶች፣ ይዘቱ፣ ደረቱ፣ ርክርኩ፣ ካልተነበቡ የያዛችሁት ቃሉን ነው፣ ዜማው የለም። ወረቀቱን በፕላስቲክ አታስለብጡት፤ ሙቀቱ ቀለሙን ያበላሸዋል፣ ተመልሶም አይላቀቅም። ውኃ ከነካው በግድ አትግለጡት፣ በጥላ ይድረቅ።

በሕይወት ያሉትንማ ምን ትጠብቃላችሁ? ዛሬ ቅዱአቸው። ፋኑን አጥፉ፤ በድሬ ይከብዳል፣ ግን ቅጂ ሁሉ የሚበላሸው በእሱ ሽውታ ነው። ስልኩን ከአፋቸው አንድ ክንድ ያህል አርቁ። ከበሮ ካለ ሦስት አራት እርምጃ ራቁ፣ አለዚያ ድምፁ ይሰነጠቃል። ከመጀመራቸው በፊት ቀኑን፣ የዜማውን ስምና ከሦስቱ የዜማ ስልቶች ግዕዝ፣ ዕዝል ወይም አራራይ መሆኑን በራሳቸው አፍ ያስይዙ።

ከቀብር ላይ የሰማችሁትን መዝሙር ወስዳችሁ በራሳችሁ ስም የምትለቁም ስሙ። የቅዱስ ያሬድ ዜማ የሁላችን ነው። ሰውየው ራሱ የደረሰው መዝሙር ግን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 በሕይወቱ ዘመንና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት የእሱና የወራሾቹ ነው። ቤቱ ሂዱ፣ ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ ስሙን ጻፉ፣ ከሚገኘው ለልጆቹ አካፍሉ።

ቅጂውን ሦስት ቦታ አኑሩ፦ አንዱ ከቤቱ፣ አንዱ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ከድሬ ውጭ ካለ ልጁ ዘንድ። ስታስተካክሉት በዜማው መካከል የሚሰማውን ሳሉን፣ ውኃ አምጡልኝ ማለቱን፣ ልጅ ሲገባ «ዝም በል አንተ» ማለቱን አትቁረጡ። ያ ልጅ ዛሬ አድጎ ሊሰማው የሚመጣው እሱን ነው።