እሺ ይበልጣል ከሺ፦ ለአቶ ኒክ ካራዌይ የራስ ማሻሻያ ምክር

አቶ ኒክ ካራዌይ ሆይ፣ መካሪው ሁሉ «እምቢ ማለትን ተለማመዱ» እያለ በሚያደነቁረን ዘመን፣ እርስዎን የመሰለ ሆደ ሰፊ ከ1925 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ታላቁ ጋትስቢ» በተባለው የስኮት ፊትዝጀራልድ ልብ ወለድ ውስጥ ተራኪ ሆኖ መኖሩ ለእኛ ለእሺ ባዮች መታደል ነው። «እኔ በማንም አልፈርድም» እያልን የምንኮራ ሁሉ አለቃችን እርስዎ ነዎት። ቢሆንም ጥቂት ማሻሻያ ብንጠቁም አይቀየሙንም፤ መቼስ ተቀይመው ያውቃሉ?

ሰው መተቸት ሲያምርህ ያንተን ያህል ዕድል ሁሉም እንዳላገኘ አስብ ብለው አባትዎ መከሩዎት። እርስዎም ምክሩን ለማን አዋሉት? በሠርጉ ዋዜማ ለሙሽራይቱ የ350 ሺህ ዶላር ዕንቁ ለሰጠው ለቶም ቡካናን። ለእንዲህ ያለ ምስኪን ካልታዘነ ለማን ይታዘናል! ቶም ከባቡር አውርዶ ውሽማውን ሊያሳይዎ ሲጎትትዎ ሄዱ፤ ሚስቱ ዴዚ የገዛ ዘመድዎ ብትሆንም ትንፍሽ አላሉም። ያን ዕለት ያረሙት ጥፋት አንድ ብቻ ነው፦ እንቅልፍ የጣለው እንግዳ ጉንጭ ላይ የደረቀች የመላጫ ሳሙና አረፋ ከሰዓቱን ሙሉ ስትከነክንዎ ቆይታ፣ መሐረብ አውጥተው ጠረጉለት። ጥቂት ቆይቶ ቶም የውሽማውን አፍንጫ ሰበረ። መቼም ሁሉን ማረም አይቻልም።

ወደ ዋናው ጥበብ፣ ወደ ሻዩ እንምጣ። ባለትዳር ሴት ከቀድሞ ወዳጇ ጋር ለማገናኘት የሚያስፈልገው በወር 80 ዶላር የተከራዩት ቤት፣ ሲኒ፣ ሎሚ፣ አበባና ዐሥራ ሁለት የሎሚ ኬክ ነው። የዴዚ የቀድሞ ወዳጅ የሆነው ጎረቤትዎ ጋትስቢ ውለታውን ራሱ አይጠይቅም፤ በዴዚ ጓደኛ በጆርዳን ቤከር በኩል ያስጠይቃል። (ሁነኛ መጠቀሚያ አማላጅ ሲላክበት የተከበረ ይመስለዋል።) ከዚያ ዴዚን «ቶምን ይዘሽ እንዳትመጪ» ብሎ መጥራት ነው። በቀጠሮው ቀን ዶፍ ይወርዳል፤ ጋትስቢ ግን የእርስዎን ሣር የሚያጭድ ሰው በዚያው ዝናብ ይልካል። የመጨረሻው ደረጃ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳትበት ነው፤ ሳሎን ተቀምጦ እንግዶቹን ያጫውታል። እርስዎ ግን ከገዛ ቤትዎ በጓሮ ወጥተው ዛፍ ሥር ግማሽ ሰዓት ቆሙ።

ሒሳቡ ደግሞ የበለጠ ይደንቃል። ጋትስቢ ለውለታው በጎን ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራ ሊያካፍልዎ ሲል፣ ክፍያ መሰለብኝ ብለው እምቢ አሉ። ውለታውን ውለው ዋጋውን መለሱ! እምቢ ማለት እንደሚችሉ ያወቅነው ያኔ ነው፤ ያውም በገዛ ጥቅምዎ ላይ።

ልምምድ ያስፈልግዎታል። ጎረቤትዎ በልጅነቱ፣ በመስከረም 1906፣ የዕለት ፕሮግራም ሲያወጣ ከቀኑ 11 እስከ 12 ሰዓት ያለውን ለንግግርና ለአቋም ልምምድ መድቦ ነበር። እርስዎም ያችኑ ሰዓት ይውሰዱ፦ 30 ደቂቃ ራስ መነቅነቅ፣ 15 ደቂቃ አይቶ እንዳላዩ መሆን፣ የቀረውን ደግሞ በመስተዋት ፊት «ሐቀኛ ሰው ነኝ» ማለት።

የቶምን ውሽማ ገጭታ የገደለችውን የጋትስቢን መኪና ስትነዳ የነበረችው ዴዚ መሆኗን ያውቁ ነበር፤ ለቶም አልነገሩትም፤ ይበል ብለናል። በጥቅምት አምስተኛው ጎዳና ላይ ሲያገኙት ግን እጅዎን ነፈጉት፣ ጥቂት ተነጋግራችሁም ጨበጡት። ለወደፊቱ መጀመሪያውኑ ይጨብጡ፤ መጨበጥዎ ላይቀር ሰውዬውን መንገድ ላይ ማስቆም ነውር ነው።