የባህር ዳር ሰዎች፣ ደንገሉን ተዉት

ወገኖቼ ዛሬስ ሳልቆጣችሁ ማደር አልቻልኩም። ትናንት ጠዋት በጣና ሐይቅ ዳር ስሄድ ገልባጭ መኪና ቀይ አፈር ጭኖ መጥቶ ደንገሉ ላይ፣ ውሃው ዳር በሚበቅለው ሸምበቆ መሰል ረጅም ሳር ላይ ማለቴ ነው፣ ሲደፋው አየሁ፣ ደንገሉ እኮ ገና ለምለም ነው፣ አፈሩ ሲወድቅበት ጎንበስ አለና በዛው ቀረ። ምንድነው ስል "ቦታው የሐይቅ ቪው እንዲኖረው ነው" አሉኝ።

ደንገል ለጣና ምን እንደሆነ ጠፍቶን ነው? በቦይ የሚወርደውን ጭቃና ቆሻሻ አጣርቶ የሚያስቀረው እሱ ነው፣ ቆሮሶ የምንለው ዓሣ የሚራባው እዛው ስሩ ነው፣ ታንኳውም ከሱ ነው የሚሰራው። የጣና ስፋት አያታልላችሁ፣ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ይሁን እንጂ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ራሱ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ የለቀቅንበትን ሁሉ የሚችልበት ሆድ የለውም። በ2011 እ.ኤ.አ. እምቦጭ የሚባለው ሐይቅ የሚወርር አረም መጣ ሲባል ነቀላ ወጣን፣ ጥሩ ነው፣ ግን እምቦጭ የሚወፍረው ከማሳ በሚታጠብ ማዳበሪያና ከየቤታችን በሚወርድ ፍሳሽ ነው፣ ቀን ነቅለን ማታ ደግሞ ጎርፍ ይወስደዋል ብለን ሴፕቲክ ታንካችንን ቦይ ውስጥ የምንለቅ እኛው ነን!

እኔም አጥፍቻለሁ። ቅጠሉ ያቆሽሻል ብዬ ማንጎዬን አስቆርጬ ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ አለበስኩት፣ በዛው ክረምት ውሃው መስረጊያ ሲያጣ በአጥር ስር ሄዶ ጎረቤቴ እማማ ቤት ገባባቸው፣ ፍራሻቸውን አጥር ላይ ሲያሰጡ ሳይ አንገቴን ደፋሁ። መሀሉን አስፈልጬ አፈር መለስኩበት፣ አሁን ዝናቡ እዛው ይሰርጋል።

ደሞ ይሄ የመስተዋት ፎቅ ነገር። በሚያዝያ ፀሐይ ቤትን በመስተዋት ጠቅልሎ በኤሲ ማቀዝቀዝ ምን የሚሉት ነው፣ የሐይቁ ነፋስ በነፃ እየመጣ፣ መብራት የጠፋ ቀን ውስጡ ምጣድ ነው። ሐይቁ ዳር ወዳለው ዘጌ ተሻገሩና የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን እዩ፣ ጭቃና እንጨት ነው፣ ዙሪያው ጫካ ነው፣ ስትገቡ ቅዝቅዝ ይላችኋል።

ካርታ አለኝ አትበሉኝ። ዳሩ ያንተ ብቻ አይደለም፣ ዓሣ አጥማጁም ልጆቻችንም ውሃው ጋ መድረሻ ይፈልጋሉ፣ ዩኔስኮም በ2015 እ.ኤ.አ. ጣናን በባዮስፌር ሪዘርቭነት፣ ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው እንዲኖሩበት በሚጠበቅ ቦታነት፣ የመዘገበው ለአጥር አይደለም።

ያንን አፈር ያስደፋኸው ወንድሜ ይሄን ካነበብክ፣ ገና ሁለት ቢያጆ ነው፣ ዛሬውኑ አስነሳው፣ የደንገሉ ስር አልሞተም።