ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ «አረቄ ይገለዋል»

ባሉበት፣ ጎንደር

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ለነገሩ የእርስዎን ጤና መጠየቅ ድፍረት ነው። አረቄው አለልዎት።

የምጽፍልዎት ስለ ፋሲካው ቅርጫ ነው። አዘዞ፣ አማቴ ግቢ። በሬው ሌሊት ታርዶ፣ ሥጋው ኮባ ላይ ተዘርግቶ፣ መደብ በመደብ ተለይቷል። እርስዎ እንደ ወጉ ቢላዋው አጠገብ ነዎት። ከሽንጡ ጎመድ አድርገው ሰጡኝ። ገልበጥ ሳደርገው የገብስ ፍሬ የምታክል፣ ነጭ፣ ውኃ የቋጠረች ከረጢት አየሁ። በቢላዋ ጫፍ አውጥቼ አሳየሁዎት። «ጮማ ናት!» አሉና በጣትዎ አንስተው ዋጧት። «ትል ብትሆንም አረቄ ይገለዋል» ብለው መለኪያዎን ጨለጡ። ከዚያ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ፣ «እትዬ፣ የአማችዎ ጨጓራ የፈረንጅ ነው፤ አጥሚት ይሥሩለት!» አሉ።

አማቴ ቀልድ አያውቁም። ሠሩልኝ።

ቤት ሙሉ ሰው ቁርጥ ሲቆርጥ፣ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌዎች መሀል፣ አጥሚቴን በኩባያ ይዤ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ወንድሟ ቀረጸኝ። የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ እስካሁን እየተሳቀብኝ ነው።

እሺ፣ ስለዚያች «ጮማ» እናውራ። ውስጧ የኮሶ ትል ጭንቅላት ታጥፎ ተኝቷል። አረቄው ሆድዎ ሲደርስ ከምግቡ ጋር ይቀላቀላል፣ ይቀጥናል፣ ወደ ደም ይገባል። የሚሰክሩት እርስዎ ነዎት እንጂ ትሉ አይደለም። እሱ አንጀት ላይ ይለጠፋል፤ ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ በሜትር ይለካል። ሚጥሚጣውም የሚያቃጥለው ምላስዎን ነው። ትሉን የሚገድለው እሳት ነው፤ ሥጋው እስከ መሀሉ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ አለቀለት። ፍሪዘርም ይገድላል፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ለ10 ቀን ሳይቋረጥ ከቆየ። 10 ቀን መብራት የማይጠፋበት ሰፈር ካለ ይጠቁሙኝና ቤት ልከራይ።

«አባቶቻችን ሲበሉ ኖረው ምን ሆኑ?» አሉኝ። ኮሶ ሲጠጡ ኖሩ፣ ጋሼ! አበባውን አስወቅጠው፣ በባዶ ሆድ፣ ፊታቸውን አጨማደው።

ያልፈላ ወተት «ከላሟ በቀጥታ ነው» የሚሉትን አልፌዋለሁ። ቲቢውም ከላሟ በቀጥታ ነው። ውጭ ያደረ ወጥ «ከተንተከተከ ምንም አይልም» ያሉትንም እንዲሁ፤ ጀርሙ ቢሞት እንኳ አንዳንዱ የተወው መርዝ በእሳት አይጠፋም። ዶሮ በሎሚ ሲታጠብ ጀርሙ ያልቃል የሚለው ግን ይቆየን። በሎሚ ጉዳይ ከአማቴ ጋር ጦርነት አልገጥምም።

ለባለቤቴ እህት ልጅ ያጎረሱት ግን አያልፍም። ገና የአራት ዓመት ልጅ ነው። «ወንድ አይደል፣ ከአሁኑ ይልመድ» ብለህ ጥሬውን አጎረስከው። አንተ ሰውዬ! ሆዱን ሲቆርጠው አረቄ ልትግተው ነው? እናቱ ናት ከሌሊት ካርድ ክፍል የምትሰለፈው። ብልቃጡን በሶፍት ጠቅልላ የምትቆመው እሷ ናት። «ነገ ሌላ አምጪ» የምትባለው፣ መድኃኒቱን «ከውጭ ግዢ» የምትባለው እሷ ናት። አንተን እዚያ ሰልፍ ላይ አይቼህ አላውቅም።

ይቅርታ፣ ጋሼ። አይቼዎት አላውቅም።

በሬው ቄራ ታርዶ ቢሆን ሐኪሙ መንጋጋውን፣ ምላሱንና ልቡን ሰንጥቆ ያይ ነበር። እርስዎ «የምናውቀው በሬ ነው» አሉ። እሱም እኛን ያውቀናል፤ ትሉን ያገኘው ከሰው ነዋ። ኮሶ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ሣሩ ላይ ይቀራል፤ በሬው ይግጠዋል። የዚያን ቀን ከሰዓት ሶፍት ጠይቀው ከአጥሩ ጀርባ ሲሄዱ አይቼዎታለሁ። የመስቀሉ በሬ የሚግጠው እዚያው ነው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቅርጫው ገንዘብ ያዥ፣ የመስቀል መደቤ ለጥብስ ተብሎ እንዲያዝልኝ።