ይድረስ ለማይታጠፉት የሞተር ጫማዬ ለአቶ ቡትስ

ቁጥር፦ 42 (43 ይሁን ብዬ ነበር)
ቀን፦ ሐሙስ፣ የለቅሶው ማግስት
ጉዳዩ፦ እባክዎ እጥፍ እንዲሉልኝ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከተረከዜና ውሃ ከቋጠሩት ሁለት ጣቶቼ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ሦስት ሳምንት ታግሻለሁ። የትናንቱን ግን ሳልጽፍ መተኛት አቃተኝ። የጎረቤታችን የሐጂ ታላቅ ወንድም አርፈው፣ ከሰቃ ሥራ ስመለስ በዚያው ልድረስ ብዬ ሞተሬን ደጃቸው አቆምኩ። ሐጂ ቤት ምንጣፍ በጫማ አይረገጥም። ለቀስተኛው ሁሉ ሸበጡን በአንድ ንቅናቄ ደጅ ጥሎ ገብቷል። እኔ አራት ዘለበት ፈትቼ፣ ግድግዳ ተደግፌ ሳብኩ። ንቅንቅ የለም! የጅማ ዝናብ ካልሲዬን አርሶት ኖሮ እንደ አልቅት ተጣብቀውብኛል።

ሁለት ጎረምሶች «ቁጭ በል፣ እንሳብልህ» ብለው አንዳንድ እግር ተካፈሉኝ። ሳቡ። እርስዎ አልወጡም፤ እኔ ግን በቂጤ እየተንሸራተትኩ ድንኳኑ መሃል ደረስኩ። ቁርዓን የሚቀሩት ሽማግሌ ቆም አሉ። አንዲት እናት ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ትከሻቸው ይርገፈገፋል፤ ለቅሶ መስሎኝ ነበር። በመጨረሻ ግራዎ «ቧ!» ብሎ ወጣ፣ ካልሲዬን አስከትሎ። ሽታውን አልተርክም። ሐጂ ራሳቸው፣ ገና ወንድማቸውን የቀበሩት ሰውዬ፣ «አይዞህ ልጄ» አሉኝ። ለቅሶ ደርሼ ተጽናንቼ መጣሁ!

ስወጣ ደግሞ እግሬ አብጦ አልገባ አለ። በተውሶ ሮዝ ሸበጥ፣ እርስዎን ታቅፌ በባጃጅ ገባሁ። ሾፌሩ የእርስዎንም ሂሳብ ጠየቀኝ።

የቆዩትን በደሎች በአጭሩ ላንሳ። አፍንጫዎ ወፍሮ ከማርሽ መርገጫው ሥር አልገባ ብሎኝ፣ መካኒኩ በ10 ቁጥር ቁልፍ ፈትቶ አንድ ጥርስ ከፍ እስኪያደርገው ድረስ ከተማውን በአንደኛ ማርሽ እያስጮህኩ ዞሬያለሁ። ሊስትሮው «ጋሼ፣ ይሄ ጫማ ነው ጋሻ?» ብሎኛል።

የአዲስ አበባው ነጋዴ «ቆዳ ነው፣ ይሰፋል» ብሎ ነበር። አልዋሸም፣ ወደ ጎን ይሰፋል። የእኔ አውራ ጣት ያለው ግን ወደ ፊት ነው። ደረሰኙ ላይ ምን እንደተጻፈ ያውቃሉ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»።

ውስጥዎ የተሰፋውን ምልክትም አንብቤዋለሁ። ኢኤን 13634 ከሚለው የአውሮፓ የሞተር ጫማ መለኪያ ሥር አራት ቁጥሮች፤ ለቁመት 2፣ ለፍትጊያ 2፣ ለስለት 2፣ ከጎን ሲጨፈለቁ ለመቋቋም 2። ከ2 ሁለት! አራቱንም ደፍነዋል። ስለ መታጠፍ የጠየቀዎት ግን የለም መሰለኝ።

እስቲ ቀልዱን እንተወው። አንተን ለጌጥ አልገዛሁህም። አምና ክረምት የሥራ ባልደረባዬ፣ ለቧንቧ ተብሎ ተቆፍሮ ሳይደፈን የቀረ፣ ውሃ ሞልቶት መንገድ የመሰለ ጉድጓድ ውስጥ ከነሞተሩ ገባ። ያደረገው ሸበጥ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሞተሩ ወደቀበት። ለካርድ ተሰለፍን፣ ለራጅ ተሰለፍን፣ ለማህተም ተሰለፍን፤ እሱን በትከሻችን ደግፈን። ዛሬም ያነክሳል። ጉድጓዱም ዛሬም አፉን ከፍቶ እዚያው አለ! የቆፈረው ሰው ደህና እንቅልፍ ይተኛል፤ እኔ የሁለት ወር ደመወዜን እግሬ ላይ አስሬ እሄዳለሁ። አንተም በዚያ ላይ ትነክሰኛለህ!

ይቅርታ፣ አንቱታውን ዘነጋሁት።

ከዛሬ ማታ ጀምሮ በወፍራም ካልሲ፣ ቤት ውስጥ አንዳንድ ሰዓት እንለማመዳለን። ትናንሽ ቁጢጥ ብድግ እናደርጋለን፤ የቆዳ ቅባትም ገዝቼልዎታለሁ፣ ለራሴ ፊት ከምቀባው ይወደዳል። ባለቤቴ ቡናውን እስክታፈላ የምንዞረው በረከቦቱ ዙሪያ ስለሆነ፣ ስኒ ከተሰበረ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት።

ከሰላምታ ጋር
ባለ እግሩ

ግልባጭ፦
ለተውሶው ሮዝ ሸበጥ (ቅዳሜ ይመለሳል፤ እግሬ እሺ ካለ)