ቦርዱ ላይ የታተመው ቁጥር ሌላ፣ ኮዱ የሚፈልገው ሌላ

እስቲ ይህን ነገር አንድ ሰው ያስረዳኝ። ኖድኤምሲዩ የምትባለዋ፣ ኮድ ጭነህ ዕቃ የምታዝባት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ «ዲ1» ተብሎ ታትሟል። እሺ ብለህ ሽቦህን እዚያ ትሰካለህ፣ ኮዱ ላይ 1 ብለህ ትጽፋለህ። የለም! ዲ1 ለቺፑ 5 ነው። አንተ 1 ያልካት ደግሞ ቦርዱ ከኮምፒውተር ጋር የሚያወራባት መስመር ሆና ታርፋለች፤ በሷ ላይ ኤልኢዲ ላብራ ስትል ስክሪንህ ላይ ይመጣ የነበረው ጽሑፍ ድራሹ ይጠፋል። ዲ5ን ላዝ ብለህ 5 ስትጽፍ ዲ1 ላይ የታሰረው ሪሌይ (በኮድ የሚታዘዘው ማብሪያ ማጥፊያ) ቀጭ ይላል፤ ዲ5 ራሱ 14 ነዋ! ዲ8 ነው ብለህ 8 ከጻፍክማ አለቀልህ። 8 ቁጥር ኮዱ ከሚቀመጥበት ፍላሽ ሜሞሪ ጋር የተያያዘች፣ ጨርሶ የማትነካ እግር ናት። ቦርዱ ይወድቃል ይነሳል፣ ይወድቃል ይነሳል፣ አንተ ገመዱን ትቀያይራለህ።

ያተመው ሰውዬ ምን አስቦ ነው? ቀለሙ ያው ቀለም፣ ቦታው ያው ቦታ። «5» ብሎ ማተም «ዲ1» ከማለት ያጥር እንደሆነ እንጂ አይረዝም።

«በስሙ ዲ1 ብለህ ጻፈው፣ ይገባዋል» የሚለኝ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አዎ፣ ኮዱን የምትጽፍበት ፕሮግራም ከሚያሳይህ ዝርዝር ውስጥ ትክክለኛዋን ቦርድ ከመረጥክ ይገባዋል። «ጄኔሪክ»፣ ማለትም ስም የለሽ ቦርድ፣ የሚለውን የመረጥክ እንደሆነ ግን ዲ1 የሚባል ነገር አላውቅም ብሎ ይገላግልሃል። ካርቶኑ ላይ ምንም ያልተጻፈበትን ቦርድ የገዛ ሰው ከ«ጄኔሪክ» ሌላ ምን ይምረጥ?

እዚህ ጅማ የምሠራው ጥገና ነው። ዲኮደር፣ ቴሌቪዥን፣ ስቴብላይዘር፣ የመጣውን። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን እነዚህ ቦርዶች ጠረጴዛዬን ወረውታል። ሰኔ ሲቃረብ የምረቃ ፕሮጀክታቸውን በፌስታል የያዙ ልጆች ፊታቸው ጠቁሮ ይመጣሉ። ቡና ሲደርስ ደግሞ ከማናም ከጎማም ወረዳ የቡና ማድረቂያ መቆጣጠሪያ ይዘው የሚመጡ አሉ። ዕቃው አዲስ አበባ ይታዘዝና 350 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣል። ሲደርስ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አብራው የለችም። የቻርጀር ካርቶን ውስጥ እንኳ በአሥር ቋንቋ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ይገባ የለ እንዴ?

ያቃጠለኝን ልንገራችሁ። የማና ሰው ናቸው፣ ቡና ያዘጋጃሉ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቡናው አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ያልታሰበ ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ፕላስቲክ ለማልበስ ይሯሯጣል። ቡናው እርጥበቱ ወደ 11 እና 12 በመቶ እስኪወርድ መድረቅ አለበት፤ መሃል ላይ ከረጠበ ሻጋታ ይዞት ቁጭ ይላል። እናም አንድ ባለሙያ ዝናብ ሲጥል በዲናሞ ፕላስቲኩን የሚጎትት መቆጣጠሪያ ኢኤስፒ32 በሚባል ሌላ ተመሳሳይ ቦርድ ሠራላቸው። ሐሳቡ ግሩም ነው፣ ወላሂ። ከዚያ ልጁ ገንዘቡን ተቀብሎ ስልኩን ዘጋ። ዕቃው እኔ ጋ መጣ።

«ልጄ፣ ጂኒ ሳይገባበት አይቀርም» አሉኝ ሰውዬው። «ሰማዩ ጥርት ብሎ ፕላስቲኩን ያለብሳል፤ ደግሞ መልሶ ይገልጣል። ሰው ሲጠጋው ይብስበታል።»

«አባቴ፣ በእጅ የሚጫኑት ማብሪያ አለው?»

«አለው። ሳልነካውም ይሠራል እኮ ነው የምልህ!»

ከፈትኩት። ማብሪያው የታሰረው 34 ቁጥር ላይ ነው። ሽቦውን ሳልነካ ጣቴን ብቻ አስጠጋሁ። ስክሪኑ ላይ 0 0 1 0 1 1 1 0። እጄን ስመልስ ጋብ አለ። ጣቴን አስጠጋሁ፣ እንደገና 1 0 1 1። ሰውዬው ከኋላዬ ቆመው «አየህ አይደል?» ይላሉ።

ጂኒ የለም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ግቤት (ምልክት ተቀባይ) ሆኖ የተዋቀረ ፒን፣ ማለትም እግር፣ ማብሪያው ሳይጫን ሲቀር ወደ 3.3 ቮልትም ወደ ግራውንድም የሚይዘው ከሌለ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። የሽቦው ርዝመት አንቴና ይሆንና ከመብራት መስመሩም ከሰው አካልም ያገኘውን ሁሉ «ተጫንኩ» ብሎ ያነባል። ለዚህ ነው ቺፑ ውስጥ ፑል-አፕ የሚባል ሬዚስተር ያለው፤ በኮድ «ግቤት በፑል-አፕ» ስትለው ፒኑን ወደ ላይ ይዞ ያቆይልሃል። የልጁም ኮድ እንደዚያ ይላል። ችግሩ ኢኤስፒ32 ላይ 34፣ 35፣ 36 እና 39 የውስጥ ፑል-አፕ የላቸውም። ውጤትም መሆን አይችሉም፣ መቀበል ብቻ ነው። ይህን ማን ይናገራል? ቦርዱ አይናገርም፤ 34 ከ32ና ከ33 ጋር በአንድ ረድፍ እኩል ተሰልፎ፣ እኩል ታትሞ ተቀምጧል። ኮዱን ለቺፑ የሚተረጉመው ኮምፓይለርም ፀጥ ነው። የሌለ ፑል-አፕ አብራ ስትለው «እሺ ጌታዬ» ብሎ ኮዱን ይጭንልሃል። የነጠላ ሰረዝ ስሕተት ሲያገኝ እኮ ገጽ ሙሉ ይሳደባል!

ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከ3.3 ቮልት ወደ ፒኑ አሰርኩ። ጂኒው ወጣ። ሰውዬው መርቀውኝ ሄዱ።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። አሁን ደግሞ ጭራሽ ሞቷል። እዚህ የቱ ጋ እንደተናደድኩ ልብ በሉ። መብራት ሄዶ ይመጣል፣ ያው እንደምታውቁት። በመጣ ቁጥር ቦርዱ ከዜሮ ይነሳል። ሲነሳ ደግሞ የተወሰኑ ፒኖችን «እንዴት ልነሳ?» ብሎ ያያቸዋል፤ 0፣ 2፣ 5፣ 12 እና 15ን። 12 ቁጥር በዚያች ቅጽበት 1 ሆና፣ ማለትም ቮልት ይዛ፣ ከተገኘች ፍላሽ ሜሞሪው በ1.8 ቮልት የሚሠራ ይመስለውና ቮልቱን ይቀንሳል። ገበያ ላይ ያለው ሞጁል አብዛኛው የሚፈልገው 3.3 ነው። ስለዚህ አይነሳም። ልጁ የዝናብ ሴንሰሩን የት ቢያስረው ጥሩ ነው? 12 ላይ! ያ ሴንሰር ደግሞ ሲደርቅ 1፣ ሲረጥብ 0 ነው የሚያወጣው።

ቆም ብላችሁ አስቡት። መብራት ሲመለስ ዝናብ እየዘነበ ከሆነ መቆጣጠሪያው ይነሳል። ፀሐይ ከሆነ አይነሳም። ጧት በጠራራ ፀሐይ መብራት መጣ፣ ቦርዱ ሳይነሳ ቀረ፣ ከሰዓት ዝናቡ ወረደ፣ ፕላስቲኩ እንደተጠቀለለ፣ ቡናው ራሰ። ልጁ ሲሠራው ጠረጴዛ ላይ ሰላም ነበር፤ ሴንሰሩን የሰካው ቦርዱ ከተነሳ በኋላ መሆን አለበት። ሽቦውን ወደ 27 አዛወርኩት፣ ኮዱ ላይ አንድ ቁጥር ቀየርኩ፣ አለቀ። አንድ ቁጥር! የሰውየው ቡና የራሰው በአንድ ቁጥር ነው።

ሪሌዩን አላነሳሁትም ገና። ብዙዎቹ የሪሌይ ሞጁሎች የሚበሩት በ0 ነው፣ የሚጠፉት በ1። ፒኑን ውጤት አድርገህ ባዋቀርክባት ቅጽበት 0 ሆኖ ይጀምርና ዲናሞው አንዴ ንቅንቅ ይላል። ዋይፋይ ከከፈትክ ደግሞ አናሎግ (ከ0ና ከ1 ሌላ የቮልቱን መጠን) ከሚያነቡት ፒኖች ግማሾቹ፣ 4ን፣ 25ን፣ 26ን፣ 27ን ጨምሮ፣ ማንበብ ያቆማሉ። ይህም የትም አልታተመም።

«ራስበሪ ፓይ ግዛ፣ ትገላገላለህ» ይሉኛል የተማሩ ጓደኞቼ፤ በአንዲት ቦርድ ላይ ያለች ሙሉ ኮምፒውተር ናት። እሺ፣ ወደ ፓይ እንሂድ። 17 ቁጥር የቱ ነው? ከ40ዎቹ እግሮች ብትቆጥር 17ኛው የ3.3 ቮልት ኃይል ነው። ቺፑ ራሱ በሚያውቀው ቁጥር ጂፒአይኦ 17 የሚባለው ያለው ደግሞ 11ኛው እግር ላይ ነው። ዋይሪንግፓይ ለሚባለው ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የኮድ ስብስብ) ያው እግር 0 ነው። ፓይ በሚሠራበት ሊኑክስ ውስጥ በአሮጌው መንገድ በፋይል ልክፈተው ብትል ድሮ 17 ስትለው እሺ ይል ነበር፣ በሊኑክስ 6.6 እትም (ከርነል) ግን የቁጥሩ መነሻ 512 ሆኗልና 529 ካላልክ «የተሳሳተ ቁጥር» ይልሃል። ሰው እንኳ እናቱ ያወጣችለት፣ መታወቂያው ላይ ያለውና ሰፈር የሚጠራው ስም ሲለያይበት ይቸገራል፤ ይህች እግር አራት ስም ይዛ ትኖራለች።

ለምረቃ የሚመጡት ልጆች የሚያነቡት ደግሞ ያንኑ አሮጌ መንገድ ነው። ያ መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በሌላ ተተክቷል፣ ቪዲዮዎቹ ግን አልሞቱም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን ፓይ 5 ይዛ የመጣች ልጅ ነበረች፤ ፒኖቹ አርፒ1 ወደሚባል ሌላ ቺፕ ስለተዛወሩ ሁሉም ሰው የሚያስተምርበት የፓይተን ላይብረሪ ቦርዱን አላውቀውም አለ። ልጅቷ ውድ ቦርድ ያቃጠለች መስሏት ልታለቅስ ደርሳ ነበር። ምንም አልተቃጠለም። ላይብረሪው ነው የቆመው።

ቢግልቦን በምትባለው ሌላ ቦርድ ላይ ደግሞ ሒሳብ ትሠራለህ። ፒ9 በሚባለው የእግሮች ረድፍ ላይ 12ኛው እግር ለቺፑ «ጂፒአይኦ 1፣ 28» ነው፤ 1ን በ32 አባዝተህ 28 ደምረህ 60 ትላለህ። ኤልኢዲ ለማብራት ማባዛት!

«ዳታሺት (የቺፑን መግለጫ ሰነድ) አንብብ» የምትሉ ሰዎች፣ አነባለሁ። ቺፑ ውስጥ ያሉት ሥራዎች ከእግሮቹ እንደሚበዙ፣ አንዷ እግር ሰዓት እየተፈራረቀች ሁለት ሦስት ሥራ እንደምትሠራ፣ ማዋቀር የሚያስፈልገውም ለዚያ እንደሆነ ይገባኛል። በዚያ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ምህንድስናው እንዲያውም ያስገርማል። ቅሬታዬ በቦርዱ አታሚና በሻጩ ላይ ነው። 34 ጎን አንዲት ወደ ውስጥ የምትጠቁም ቀስት፣ 12 ጎን አንዲት ቀይ ነጥብ ምን ያስከፍላል? የቦርዱ ጀርባ እኮ ባዶ ነው። የፋብሪካውን አርማ ለማተም ቦታ አልጠፋም። በሞባይል ዳታ በብዙ መቶ ገጽ የሚቆጠር ሰነድ አውርዶ በስልክ ስክሪን ጠረጴዛ የሚያነብ የማና ቡና አዘጋጅ የለም፤ ሊኖርም አይገባም።

እኔ አሁን የምሸጠውን ቦርድ ሁሉ ጀርባውን በማርከር እጽፍበታለሁ። ሰዎች ያገለገለ ዕቃ ይመስላቸውና ዋጋ ቀንስ ይሉኛል።

የማናው ሰውዬ ለሁለተኛ አልጋ ሌላ አዘውኝ ነበር። ሶኬቱን ለባለ 30 እግር ኢኤስፒ32 ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ አዲስ አበባ ላለው ሻጭ «ባለ 30፣ እባክህ ባለ 30» ብዬ ፎቶም ልኬለታለሁ። ዛሬ ካርቶኑ ደርሶ ስከፍተው ባለ 38 ነው። ሶኬቱ ላይ አይገባም። ከተጨመሩት 8 እግሮች 6ቱ ደግሞ እነዚያው የማይነኩት የፍላሽ መስመሮች ናቸው። ደወልኩለት።

«ወንድሜ» አለኝ፣ «በዚያው ዋጋ 8 እግር ጨምሬልህ ትቆጣለህ?»